ቀለሃ በውሃ ይታጠባል

የዛሬው ዝግጅታችን በአዲስ አበባ በኮልፌ ቀራኒዮና በዙሪያው ብረታ ብረት የምትሰበስቡ፣ የምትገዙ፣ የምታቀልጡና ጌጣጌጥ የምትሠሩ ሰዎችን ይመለከታል። በቤት ውስጥ ሆናችሁ የምትሰሙን እናቶችም ሬዲዮውን አትዝጉት፤ ነገሩ ወደ ማድ ቤት የሚገባበት መንገድ አለው፣ እየሄድን እንደርስበታለን።

የምናወራው ስለ ጥይት ቀለሃ ነው። አረሩ ሄዶ፣ ባሩዱ ነድዶ ካለቀ በኋላ ከመሣሪያው ተስፈንጥሮ መሬት ላይ ስለሚቀረው ባዶ ናስ። ቀለሃ እንዴት ይጸዳል? በምን ይታጠባል? ምን አይነካውም? ይህን እናያለን። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላስይዛችሁ። ከዛሬው ዝግጅት ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህቺን አትርሱ፤ ቀለሃ በውሃ ይታጠባል እንጂ በደረቁ አይፈተግም።

በሌላው ዓለም፣ በተለይ በአሜሪካ፣ አዳኞችና ኢላማ ተኳሾች ያገለገለ ቀለሃ ለቅመው፣ አጽድተው፣ እንደገና ሞልተው ይተኩሱበታል። ስለ ቀለሃ አጠባ ዛሬ የሚታወቀው ብዙው ነገር የተገኘው ከእነሱ ልምድ ነው። በእኛ አገር ጥይት መሥራትም ሆነ መሙላት ማንም ተነስቶ በጓሮው የሚጀምረው ሥራ አይደለም፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የወጣው ይህንና ይህን የመሰለውን ነገር ሥርዓት ለማስያዝ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ናሱን አጽድቶ፣ አቅልጦ፣ ዶቃ፣ መስቀል፣ አምባር ስለማድረግ ነው። ይህ ደግሞ በከተማችን የሚሠራ ሥራ ነው። እንጦጦ ላይ ቀድሞ እንጨት ተሸክመው ይኖሩ የነበሩ ሴቶች፣ ብዙዎቹም ኤችአይቪ በደማቸው ያለ፣ ከቀለጠ ቀለሃ ዶቃ እያወጡ የአንገት ጌጥ ሠርተዋል። እንጦጦ ቤት አርቲዛን የሚባለው ድርጅት በዚሁ ሥራ ይታወቃል፤ ጌጡ ባሕር ተሻግሮ ተሽጧል። ለጦርነት የተሠራ ናስ የሴት ልጅ አንገት ላይ ሲውል ማየት እኔን ደስ ይለኛል። ያንን ናስ ያጸዱት እጆች ግን በጤና እንዲቆዩ እፈልጋለሁ። ዛሬ ማይክሮፎን ፊት የተቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ቀለሃ እኛ አገር የገባው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሥር እሮጌ ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ሲጋጠም በእጁ የያዘው ስናድር የተባለውን ጠመንጃ ነበር። የስናድር ጥይት ኤድዋርድ ቦክሰር የተባለ የእንግሊዝ መኮንን የሠራው ነው፤ ገላው ከስስ የናስ ቅጠል የተጠቀለለ ሆኖ መቀጣጠያው ከኋላው መሃል ላይ ተተክሏል። የእኛ ሰዎች በአፈሙዝ ባሩድና አረር እየጠቀጠቁ አንድ ጊዜ ሲተኩሱ፣ ወዲያኛው ወገን ከኋላ እየጎረሰ ደጋግሞ ይተኩስ ነበር። ስናድር ለመጀመሪያ ጊዜ በጦር ሜዳ የተፈተነው በዚያ ቀን ነው። እሮጌ ሜዳ ላይ የቀረው ቀለሃ እንግዲህ በጦር ሜዳ ከተተኮሱት የመጀመሪያዎቹ የስናድር ቀለሃዎች አንዱ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ውጅግራ መጣ። ፈረንሳዮች በእነሱ አቆጣጠር በ1874 ያወጡት ጠመንጃ ነው፤ በዐድዋ ዘመን በሠራዊታችን እጅ በብዛት ነበር። የውጅግራ ጥይት ወፍራም፣ ረጅም፣ ሙሉ ናስ ነው። በዚያ ዘመን ጥይት መተኮሻ ብቻ አልነበረም፤ እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ ገንዘብ ሆኖ ገበያ ላይ ይዞር ነበር። ዕቃ ገዝቶ መልሱን በጥይት መቀበል የተለመደ ነበር። በሰሜኑ አገራችን ደግሞ የመድፍ ቀለሃ ዛፍ ላይ ሰቅለው እንደ ደወል የሚመቱ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ናስ ነውና።

ኮልፌም ከተኩስ ጋር ያላት ትውውቅ የቆየ ነው። የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር እዚሁ ነበር። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ኮልፌ ነው፤ ጠመንጃና ሽጉጥ መተኮስ፣ ኢላማ መምታት የተማሩት በዚሁ ነው። ያኔ ኮሎኔል የነበሩት ታደሰ ብሩ ማንዴላን ሲሸኙ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት በስጦታ እንደሰጧቸው ማንዴላ ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ይህን ሳነሳ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ከፖሊስም ሆነ ከጦር ሠራዊት የተኩስ ሜዳ የሚወጣ ቀለሃ የመንግሥት ንብረት ነው። ርካሽ ነው ብላችሁ ከማይታወቅ እጅ አትግዙ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ቆራሌው ሲዞር ውሎ ማታ ጆንያውን ሲዘረግፍ ከድስት እጀታ፣ ከቧንቧ ቁራጭ፣ ከቁልፍ ጋር አብሮ አንድ እፍኝ ቀለሃ ሊወጣ ይችላል። ከገጠር የመጣ ከሆነም በኩንታል ሊሆን ይችላል። ውሃ ከመንካታችሁ በፊት መልቀም አለ። ይህ ክፍል የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው።

አረሩ አፉ ላይ ያለ ጥይት ካገኛችሁ ቀለሃ አይደለም፣ ጥይት ነው። ዝጎ፣ አርጅቶ፣ መሬት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ ለባሩዱ ይህ ምንም አይደለም። ከኋላው ተመቶ የጎደጎደ ምልክት ቢኖርበትም አትመኑት። ተመትቶ ሳይፈነዳ የቀረ ነውና እንዲያውም ከሌላው ይበልጥ አስጊ ነው። አረሩን በጉጠት ነቅሎ ባሩዱን አፍስሶ ናሱን ለመሸጥ የሚሞክር ሰው እጁን አስይዞ ቁማር እየተጫወተ ነው። አስቀምጡት፣ ልጆችን አርቁ፣ በአቅራቢያችሁ ላለው ፖሊስ ጣቢያ ንገሩ።

አረር የሌለው ባዶ ቀለሃ ሲሆን ገልብጣችሁ ከኋላው መሃል ያለችውን ክብ ነጥብ እዩ። መቀጣጠያዋ እሷ ናት። መሃሏ ተወግቶ የጎደጎደ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ነድዳለች። ልሙጥ፣ ጉድጓድ የሌላት ከሆነች ግን ገና ሕያው ናት፤ ባሩድ ባይኖርም እሳት ውስጥ ስትገባ ትፈነዳለች፣ የናስ ስባሪ ዓይን ውስጥ ትረጫለች። እሷንም ለብቻ።

የመድፍ ቀለሃ የባሰ ነው። ትልቅ ስለሆነ፣ ኪሎው ስለሚያጓጓ ሰው ይቸኩልበታል። የመድፍ ቀለሃ መቀጣጠያ ግን ከኋላው ተጠምዝዞ ወደ ውስጥ የሚገባ ረጅም ቱቦ ነው፣ ውስጡ የራሱ ባሩድ አለው። ባለሙያ ሳያየው በመዶሻ አይመታም፣ በመጋዝ አይቆረጥም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የመድፍ ጥይት አፍንጫ ነው። ሾጣጣ፣ ባለ ጥርስ፣ ብዙ ጊዜም ንጹሕ ናስ መስሎ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ነው። ይህ ቀለሃ አይደለም፤ ፈንጂውን የሚያስነሳው ክፍል ነው። ከመሬት ላይ አታንሱት።

አዲስ አበባ ጥይት ሲፈነዳ ምን እንደሚያደርግ አይታለች። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. የጥይት ግምጃ ቤት ሲቃጠል ከተማው እንዴት እንደተናወጠ በዕድሜ ገፋ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። በ1977 የደረሰብንን ረሃብ ለዓለም ያሳየው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን አንድ እጁን ያጣው በዚያ ቀን ነው፤ ድምፅ ቀጂው ጆን ማታይም እዚያው ሕይወቱ አልፏል። ሙቀት ያገኘ ጥይት ወታደርና ጋዜጠኛ፣ ትልቅና ትንሽ አይለይም።

ከዚህ በኋላ ማግኔት ያስፈልጋል። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ጀርባ የምታወጡት ማግኔት ይበቃል። በየሜዳው የሚገኘው የክላሽ ቀለሃ በብዛት ናስ አይደለም። ብረት ነው፤ ላዩ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቀለም የተቀባ፣ አንዳንዱም በስሱ መዳብ የለበሰ። መዳብ የለበሰው ዓይን ያታልላል፣ ማግኔት ግን አያታልልም። የያዘው ብረት ነውና ከናስ ጋር አይቀልጥም፣ አብሮም አይታጠብ። ሳይያዝ የቀረው ናስ ነው፤ የድሮ ማውዘርና ምንሽር፣ ከአሜሪካ የመጣው ጋራንድ ቀለሃቸው እንደዚህ ነው።

በዚህ መሃል የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። የቀለሃውን ቂጥ ስታዩ ፊደልና ቁጥር ታገኙበታላችሁ፤ የተሠራበትን ፋብሪካና ብዙ ጊዜም ዓመቱን ይናገራል። በጣም ያረጀ ቁጥር፣ መቶ ዓመት ያለፈው ቀለሃ ከገጠማችሁ አታቅልጡት። አንደኛ፣ የጥንቶቹ መቀጣጠያዎች ሜርኩሪ ያለበት ቅመም ነበራቸው፤ ሜርኩሪው ናሱ ውስጥ ሰርጎ ስለሚገባ እሳት ላይ ሲወጣ ሳንባ ያቃጥላል። ሁለተኛ፣ የውጅግራ ቀለሃ በኪሎ ከሚከፈላችሁ ዋጋ በላይ ነው፤ የአያቶቻችን የጦር ሜዳ ምስክር ነውና ሙዚየም ላሉ ባለሙያዎች አሳዩት።

እንግዲህ ቀለሃው ተለቀመ። ናስ ብቻ፣ የተተኮሰ ብቻ። አሁን ስለ ቆሻሻው እንነጋገር።

ቀለሃ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ጥላሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝግጅቱን ባላዘጋጀሁ። የመቀጣጠያዋ ቅመም ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በአብዛኛው የሚሠራው ከእርሳስ ውህድ ነው፤ ባሪየምና አንቲሞኒ የሚባሉ ማዕድናትም አብረው አሉበት። ስትነድ እርሳሱ ወደ ደቃቅ ብናኝ ይለወጥና ቀለሃው ውስጥ፣ በተለይ መቀጣጠያዋ የተቀመጠችበት ጎድጓዳ ላይ ይለጠፋል። ዓይን አያየውም፣ አፍንጫ አያሸተውም። በደረቁ ስትፈትጉት፣ በብሩሽ ስታራግፉት፣ እፍ ስትሉበት ግን ይነሳል። ተንፍሳችሁ ትስቡታላችሁ። ፀጉር ላይ፣ ሹራብ ላይ፣ ጫማ ላይ ያርፋል። ማታ ቤት ስትገቡ ልጃችሁ እየሮጠ መጥቶ ያቅፋችኋል።

እርሳስ በልጅ ላይ የሚያደርገው ከአዋቂ የተለየ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አንድ ሕፃን ከሚውጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚገባው ከአዋቂው 4 እስከ 5 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። አእምሮው በማደግ ላይ ስላለ ትምህርት መቀበል ያቅተዋል፣ ትኩረት ያጣል፣ ደሙ ይቀንሳል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ የአእምሮው ጉዳት ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይመለስም። በደም ውስጥ ይህን ያህሉ አይጎዳም የሚባል መጠን አልተገኘም። ነፍሰ ጡር እናት ከሆነች እርሳሱ ወደ ፅንሱ ያልፋል። አዋቂው ላይ ደግሞ የደም ግፊትና የኩላሊት ጣጣ ያመጣል፤ አጥንት ውስጥ ገብቶም ለብዙ ዓመት ይቀመጣል።

በየብየዳ ቤቱና በየባትሪ ቤቱ ወተት መጠጣት ያድናል የሚል እምነት እንዳለ አውቃለሁ። ወተት ምግብ ነው፣ ይጠጣ፤ ሳንባ የገባን እርሳስ ግን አያወጣም። የሚያድነው አቧራውን አለማስነሳት ነው።

አሜሪካኖቹ ሞልቶ ተኳሾች ለረጅም ጊዜ ቀለሃቸውን በሚንቀጠቀጥ ማሽን ውስጥ ከተፈጨ የዎልነት ቅርፊት ወይም ከበቆሎ ቆረቆንዳ ጋር እያሹ በደረቁ ያጸዱ ነበር። ናሱ ያምራል። ቆረቆንዳው ግን እርሳሱን ሁሉ ጠጥቶ ይቀመጣል፣ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ብናኙ ፊታቸው ላይ ይነሳል። ይህን ሲረዱ ብዙዎቹ ወደ ውሃ ዞሩ፤ በርሜል ውስጥ ውሃ፣ ሳሙናና የማይዝግ ብረት ስንጥር እየጨመሩ ያሽከረክሩታል። እርጥብ ቆሻሻ አይበርም። ትምህርቱ በእነሱ ዘንድ ጊዜ ወስዷል፣ ለእኛ ግን ከመጀመሪያው ሊጠቅመን ይችላል።

ለአጠባው ከቤት ወጣ ያለ ቦታ ፈልጉ። የእንጀራ ምጣድ ያለበት፣ ልጅ የሚጫወትበት ጓሮ አይሆንም። ለዚህ ብቻ የሚሆን ሳፋ፣ ባልዲና ወንፊት ይኑራችሁ፤ ሊጥ የሚቦካበትን ሳፋ ማታ አጥቤ እመልሳለሁ ማለት አይሠራም። የላስቲክ ጓንት አድርጉ። ልብስ ለብቻ ይሁን፣ እዚያው ይቅር፣ ከልጆች ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብ።

ቀለሃውን መጀመሪያ በውሃ ዘፍዝፉት፣ ሌሊቱን ቢያድር ጥሩ ነው። አፈሩና ጥላሸቱ ይለሰልሳል። በማግስቱ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ ላርጎ ይበቃል፣ እያማሰላችሁ እጠቡት። የመጀመሪያው ውሃ እንደ ቀለም ይጠቁራል። አትድፉት፤ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ አጠራቅሙት፣ ኋላ እነግራችኋለሁ። ውስጡን በጠርሙስ ማጠቢያ ቀጭን ብሩሽ እርጥብ እንዳለ ማሸት ይቻላል፤ ብሩሹም ውሃ ውስጥ ይሁን፣ ከውሃ በላይ ሲሆን ይረጫል።

ሳሙናው ቅባቱን ያወጣል፤ ናሱ ላይ ያለውን ጥቁርና አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ዝገት የሚያወጣው ግን ኮምጣጣ ነው። እናቶቻችን የናስ ዕቃ በሎሚ ሲያሹ የኖሩት በከንቱ አይደለም። ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ የመዳብን ዝገት ያሟሟል፣ ናሱን ግን በቶሎ አይበላውም። የአራት ሎሚ ጭማቂ አንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ ወይም ዱቄቱ ከተገኘ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ለአንድ ሊትር። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ከዚያ አውጡት።

አውጡት ስል ምክንያት አለኝ። የጥይት ናስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው። ይህ ልክ የተመረጠው ናሱ ሳይሰነጠቅ እንዲሳብ፣ ሲተኮስ ሰፍቶ ክፍተቱን እንዲዘጋ፣ ወዲያው ተመልሶ እንዲጠብ ነው። አሲድ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ዚንኩ ቀድሞ ይወጣና ላዩ ላይ መዳቡ ብቻ ይቀራል፤ ቢጫው ናስ ሮዝ ይሆናል። ሮዝ ሲሆን ካያችሁ ዘግይታችኋል። ዶቃ ለሚያቀልጥ ሰው ትንሽ ሮዝነት ጥፋት አይደለም፤ ቀለሃውን ባለበት ቅርፁ ለጉትቻ ወይም ለአንገት ጌጥ ለሚጠቀም ግን መልኩን ያበላሸዋል። ከአሲዱ ካወጣችሁ በኋላ ትንሽ ሶዳ በተጨመረበት ውሃ ለቅለቅ አድርጉት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ።

የባትሪ አሲድ አይሞከር። ያነጻል፣ እውነት ነው፣ ግን ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ ያገለገለው ደግሞ ራሱ እርሳስ የተሞላ ነው። በረኪናም ለናስ አይሆንም። በተለይ በረኪናን ከሎሚ ወይም ከማንኛውም አሲድ ጋር መቀላቀል ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያስወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። ይህ ለቀለሃ ብቻ ሳይሆን ለሽንት ቤት ጽዳትም ይሠራል፣ እናቶች አስተውሉ።

አሞንያም አለ። በመስታወት ማጽጃዎችና በአንዳንድ የናስ መወልወያዎች ውስጥ ይገኛል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ስለ አሞንያና ስለ ናስ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እንግሊዞች ህንድን ሲገዙ በዝናብ ወራት ጥይታቸውን ከፈረስ ጋጣ አጠገብ ያስቀምጡ ነበር። ክረምቱ አልፎ ሳጥኑ ሲከፈት ቀለሃዎቹ ማንም ሳይነካቸው ተሰንጥቀው ይገኛሉ። ወቅት እየጠበቀ የሚመጣ በመሆኑ የወቅት በሽታ ይመስል ነበር። ኋላ፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1921፣ ሳይንቲስቶች ምክንያቱን አረጋገጡት፤ ከፈረሱ ሽንት የሚተንነው አሞንያ ከእርጥበት ጋር ሆኖ፣ ሲሳብ ውጥረት የቀረበትን ናስ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ዛሬ አንድ ሰው ቀለሃውን በመስታወት ማጽጃ ወልውሎ ሲያስቀምጠው፣ ወይም ጆንያውን በበግና በላም በረት ውስጥ ሲያሳድረው ያው ነገር ሊደርስበት ይችላል። የሠራችሁት አምባር ከወራት በኋላ ደንበኛዋ እጅ ላይ ፍንክት ቢል ጥፋቱን ከዚህ ፈልጉት።

የታጠበ ቀለሃ ይደርቅ። አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስመቱት፤ ክረምት ከሆነ ጣራ ሥር ቀናት ሊፈልግ ይችላል። መድረቁን ሳታረጋግጡ ማቅለጫ ውስጥ አትጨምሩ። ቀለሃ ጠባብ አፍ ስላለው ከታች ጠብታ ውሃ ይደብቃል፤ ያቺ ጠብታ የቀለጠ ናስ ስትነካ በቅጽበት እንፋሎት ሆና ናሱን ወደ ፊታችሁ ትረጨዋለች። ከ900 ዲግሪ በላይ የሆነ ናስ ነው የምላችሁ።

ማቅለጡ ላይ ሌላ ጠላት አለ። ናስ የሚቀልጥበት ሙቀትና ዚንክ የሚፈላበት ሙቀት አይራራቁም፤ ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ወናፉ በርትቶ እሳቱ ሲያልፍ ከድስቱ ላይ ነጭ ጢስ ይነሳል፣ እንደ ተበጠሰ ጥጥ እየተንሳፈፈም ይወርዳል። ያ የእናንተ ዚንክ ነው። የተነፈሰው ሰው ቀን ምንም አይሰማውም፣ ማታ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይላል፣ ወባ የያዘው ይመስለዋል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቀዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ቀጥቃጭ ይህን ሲታመም ኖሮ ስሙን ሳይሰማ ያልፋል። መድኃኒቱ እሳቱን ናሱ እንደቀለጠ መግታት፣ ላዩን በከሰል ስባሪ መሸፈን፣ ነፋሱ ከጀርባችሁ እንዲመጣ መቆም ነው። ቤት ውስጥ፣ ቆርቆሮ ለብሶ በተዘጋ ሱቅ ውስጥ ፈጽሞ አይሆንም።

ማቅለጥ ለማይፈልግ፣ ቀለሃውን ማስዋብ ለሚፈልግ፣ መወልወያው ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ነው የሚመጣው። በዚያን ጊዜ ሰጋቱራም ሆነ ቆረቆንዳ ቢጠቀም አቧራው በአብዛኛው የእንጨት እንጂ የእርሳስ አይደለም፤ ማስክ ግን አይቅር። ቅደም ተከተሉን የሚያዛባ ሰው፣ ማለትም መጀመሪያ ወልውሎ ኋላ የሚያጥብ፣ ድካሙን ሁሉ ገልብጦታል። እጅ ምግብ ከመንካቱ በፊት በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። ጫት መቃም፣ ሲጋራ ማጨስ፣ ሻይ መጠጣት ከሥራ ቦታው ውጭ ይሁን። ጥፍር ያጠረ ይሁን።

ስለዚያ ስለጠቆረው ውሃ ቃል ገብቼ ነበር። ኮልፌ ላይ ወደ ቦይ የተደፋ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ወደ ትንሹ አቃቂ። ትንሹ አቃቂ ደግሞ ከኮልፌ ወርዶ በመካኒሳ፣ በላፍቶ አድርጎ ሲሄድ በዳርቻው ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን ይለማበታል። ያ አትክልት ተመልሶ ወደ ገበያ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ማድ ቤት ይገባል ያልኳችሁ በዚህ ነው። ወንዙ ላይ ቆዳ ፋብሪካውም፣ ጋራዡም የየራሱን ጨምሮበታልና እኛ ተጨማሪ አንሁን። ቆሼስ? ቆሼ ሰው የሚለቅምበት የቆሻሻ መጣያ ነው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ከ110 በላይ ወገኖቻችንን የቀበረ ቦታ ነው። እርሳስ ያለበትን ዝቃጭ እዚያ መጣል ለሌላ ለቃሚ ልጅ ማቀበል ነው።

ስለዚህ ውሃውን እንዲህ አድርጉት። በተጠራቀመው ውሃ ላይ፣ የሎሚውንም ጨምራችሁ፣ ሶዳ ወይም ኖራ ጥቂት በጥቂት ነስንሱበት። ሶዳ ከሆነ አረፋ ይነሳል፣ ስትጨምሩ አረፋ ማንሳቱን ሲተው ኮምጣጣው አልቋል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ከሟሟው መዳብ፣ ዚንክና እርሳስ የተወሰነው ተመልሶ ደለል ይሆናል። አንድ ሌሊት ክዳን አድርጋችሁ አሳድሩት፣ ከላይ የጠለለውን ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ባልዲ ገልብጡና ለሚቀጥለው ቀለሃ የመጀመሪያ መዘፍዘፊያ አድርጉት። አዲስ ውሃ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ብቻ ይሁን፤ በኮልፌ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ በራሱ ቁጠባ ነው። ከታች የቀረውን ዝቃጭ በወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ አጠራቅሙት፣ ላዩ ላይ በቀይ መርዝ ብላችሁ ጻፉበት፣ ልጅ በማይደርስበት ቆልፉበት። ዕቃው ሲሞላ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ጋር አቡክታችሁ በአሮጌ ባልዲ ውስጥ አድርቁት። ሲሚንቶ እርሳሱን ይዞ ያስቀረዋል፣ ዝናብ በቀላሉ አያጥበውም። ያ ድንጋይ ግን ለምድጃ ጉልቻ፣ ለደጃፍ መርገጫ ወይም ለአትክልት መደብ አይሆንም። አይሰበር፣ አይፈለጥ፤ አገልግሎቱ ባለበት መቀመጥ ብቻ ነው።